ቆጣሪው በሱሌማን ስም ነው

የሞተ ሰው ስልክ ቻርጅ እያደረጉ ቦርሳ ውስጥ ይዞ መዞር ጤንነት አይደለም። ግን ማን ያውቅና ለሳምራ ይንገራት! አባቷ ሱሌማን ከድር ካረፈ ወዲህ ያቺን መስታወቷ የተሰነጠቀ ስልኩን እንደ ሕፃን ነበር የምትንከባከባት። ካርድ ትሞላላታለች፣ ማታ ሶኬት ላይ ትሰካታለች፣ ጠዋት ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ትወጣለች። ስልኳ ታዲያ ለወራት ትንፍሽ አላለችም። ማንስ ይደውላል? የግቢው ጎረቤት ለቅሶ ላይ አብሮ አልቅሶ፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ ደግሞ ዕቃውን ጭኖ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ሳምራም ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ገብታለች። እንደዋወላለን ተባብለው ነበር፤ ያው እንደምታውቁት ነው፣ ማንም አልደወለም።

እና አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት ቢሮ ያቺ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ጢር አለች።

ቢሮው የሳምራ አይደለም። ካዛንቺስ ውስጥ ከፈረሳው ከተረፉት ፎቆች በአንዱ ላይ ያለ፣ ለክሊኒኮችና በየቤታቸው ለተኙ ሕሙማን የኦክስጅን ሲሊንደር የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ሳምራና ባልደረባዋ ሔኖክ የሶፍትዌር ኩባንያቸው መድቧቸው አዲስ ሲስተም ሊተክሉለት መጥተዋል፤ ሽያጩን፣ መጋዘኑን፣ ሒሳቡን፣ የመኪና ስምሪቱን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያስኬድ ትልቅ ፕላትፎርም። ለአባቷ ኦክስጅን ያመጣለት የነበረውም ይኸው ድርጅት ነው። ሲመድቧት "እዚያስ አልሄድም" ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ለምን ብትባል ምን ልትል ነው? ዋጥ አድርጋ መጣች።

"በቃ ሠራ!" አለ ሔኖክ፣ ወንበሩን እያሽከረከረ። የጽሑፍ መልእክት መላኪያውን ለሙከራ ገና መክፈቱ ነበር። "ሹፌሩ ታብሌቱ ላይ 'ደረሰ' ብሎ ሲነካ፣ ደንበኛው ስልክ ላይ ወዲያው ሜሴጅ ይገባል። ማለቴ፣ ከእንግዲህ አልደረሰኝም ብሎ የሚጨቃጨቅ የለም።"

ሳምራ አልሰማችውም። የአባቷን ስልክ አውጥታ እያነበበች ነበር።

"ክቡር ሱሌማን ከድር፦ ኦክስጅንዎ አሁን ደርሷል። መልካም ጤንነት እንመኝልዎታለን።"

"አዑዙ ቢላህ!" አለች።

"ምን ሆንሽ አንቺ? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ። ጂኒ ነው ያየሽው?"

ቀልዱን ነው፤ ምስኪን አላወቀ። ሳምራ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ የድርጅቱን የደንበኞች ገጽ ከፈተች። ጣቶቿ የአባቷን ስም ለመጻፍ እምቢ አሏት፤ ሁለቴ ተሳስታ ነው በሦስተኛው የጻፈችው። ወጣ። ሱሌማን ከድር፣ ክፍት ደንበኛ። ካረፈባት ሳምንት ጀምሮ በየሰኞው ኦክስጅን ወጥቶለታል። ከእያንዳንዱ ሰኞ ጎን "ደረሰ" ይላል። ተቀባይ በሚለው ቦታ ደግሞ ከላይ እስከ ታች "ሱሌማን"።

አፈር የለበሰ ሰው ኦክስጅን ይቀበላል? ሳምራ ገላውን ሲያጥቡት በር ላይ ቆማ ነበር። የሞተው ሌላ ሰው ይሆን እንዴ የሚል እብድ ሐሳብ ሽው አለባት፣ ወዲያው ራሷን ሰደበች። ያን ቀን ሥራ የሚባል አልሠራችም።

በማግስቱ ለምሳ ሲወጡ እሷ ወደ ድሮ ሰፈሯ ሄደች። ሲስተሙ ላይ ያለው አድራሻ እንዲህ ይላል፦ "ካዛንቺስ፣ ከዳቦ ቤቱ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር።" ዳቦ ቤቱ የለም። መግቢያው የለም። በሩ የለም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ ከዚያ ወዲያ ሣር። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሣሩን በጎማ ታጠጣለች። ሳምራ ዳቦ ቤቱ የነበረበትን በግምት ይዛ ገባ አለች፣ ቆጥቋጦውን ዞረች፣ የግቢያቸው መሀል ነው ብላ ያሰበችበት ላይ ቆመች። "እዚህ ሰኞ ሰኞ ሲሊንደር የሚያወርድ መኪና አይተሻል?" ልትላት አሰበችና አፈረች።

በዚያ ግቢ ስድስት አባወራ ይኖር ነበር፤ የመብራት ቆጣሪው ግን አንድ ብቻ፣ እሱም በሱሌማን ስም። ሁሉም ከእሱ መስመር ስቦ ነው የሚያበራው። አንዱ ስቶቭ ሲሰካ ግቢው ድርግም ይላል፣ "ማነው እሱ?" ይባላል፣ ማንም አላመነም። ቆጣሪ አንባቢው በሩን ደብድቦ "ሱሌማን ማነው?" ሲል፣ ቀድሞ በር የደረሰው ሰው "እኔ ነኝ" ይላል። ጎረቤታቸው ዙለይካ እንኳን፣ ያቺ ቀጭን ሴት፣ ነጠላዋን አገልድማ "እኔ ነኝ ሱሌማን" ብላ ፈርማ ታውቃለች። አንባቢውም ለምዶት ቀና ብሎ አያይም። ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል በደባልነት የያዙት እትዬ እጸገነት ደግሞ ከመስኮት ሆነው ይስቁና ሳቃቸውን ሳል ይውጠዋል። ያ ሳላቸው! እናቷ ስትሞት ትንሿን ሳምራን ፀጉሯን የሠሯት፣ ገላዋን ያጠቧት እሳቸው ነበሩ፤ በዚያ ሳል መሀል።

ይህን ሁሉ እያስታወሰች ሣሩ ላይ ቆማ፣ አስቡት እንግዲህ፣ አንዱም ነገር አልበራላትም። ሐዘን እንዲህ ያደነዝዛል። ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ሌባ የአባቴን ስም ለብሶ ይሰርቃል።

ቢሮ ተመልሳ "ደንበኛውን ዝጋ" የሚለውን ነካች። ምክንያት ሲላት "ሞት" ብላ መረጠች። ሁለተኛ የቀበረችው መሰላትና ሽንት ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች።

ረቡዕ ጠዋት ስትከፍተው ሱሌማን ከድር ክፍት ነው።

ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች። ከዚያ፣ ባለሙያ ናትና፣ ማን እንደከፈተው የሚያሳየውን ማስታወሻ አየች። "የከፈተው፦ ስምሪት" ይላል። ስምሪት ማለት መኪኖቹን የሚልከው ክፍል ነው፤ እዚያ ያለው ሰው በሙሉ በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ነው የሚገባው። ለየራሳችሁ ስም ይሰጣችሁ ብትል ማን ይስማት! "ስንት ቁልፍ እንያዝ ለአንድ በር" ብለው ስቀውባት ነበር።

የስምሪት ኃላፊው ጋሽ ገብረአምላክ ናቸው፤ ክረምት ከበጋ ሹራብ የማያወልቁ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው።

"ጋሽ ገብረአምላክ፣ ሱሌማን ከድር የሚባለውን ደንበኛ ማን ነው የከፈተው?"

"ስምሪት ነዋ።"

"ስምሪት እኮ ሰው አይደለም።"

"እኛ ነን። ምነው፣ ምን አጠፋ ሱሌማን?"

"ሞቷል!" ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ።

ጋሽ ገብረአምላክ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉ። በሩን አየት አደረጉ፤ አለቃ እንዳይሰማ መሆኑ ነው። "ልጄ" አሏት፣ "አንዳንድ ስም ባለበት ቢቀመጥ ማንን ይጎዳል? ተይው በቃ።"

አዬ፣ ያን ጊዜ "አባቴ ነው እኮ" ብትላቸው ኖሮ! እሳቸውም "ነገሩ እንዲህ ነው" ቢሏት! እሳቸው የአለቃ ሰው መስላቸው ፈሩ፣ እሷ ሌቦች ናቸው ብላ ተቆጣች። ለአለቃ ብትናገር ደግሞ ምርመራ ይነሳል፣ የአባቷ ስም በየቢሮው ሲጎተት ሊውል ነው። እልህ ያዛት። እንደገና ዘጋችው፤ በዚህ ጊዜ መክፈቻውን ከስምሪት እጅ ወሰደችው። ከእንግዲህ ሱሌማን ከድርን መክፈት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሷ። አሮጌው ሲስተም ሰኞ ይጠፋል፣ አዲሱ ሥራ ይጀምራል። ማን እንደሚሰርቅ እናያለን አለች።

ሰኞ መጣ። ሲስተሙ በሰላም ተነሳ። አለቃው ቶርታ አስመጥተው፣ ሔኖክ እንደ ሙሽራ መሀል ቆሞ እየቆረሰ፣ ሁሉም እያጨበጨበ ሳለ የአባቷ ስልክ ጮኸ። መልእክት አይደለም፣ ጥሪ ነው። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ። ሱሌማን የሰው ስም መዝግቦ አያውቅም፤ ቁጥሩን በቃሉ ነበር የሚይዘው።

ሳምራ ቶርታውን ጥላ ወደ ደረጃው ወጣች። አነሳችው።

ንግግር የለም። ትንፋሽ ነው። እየተጎተተ የሚገባ፣ ደረት ውስጥ እያፏጨ የሚወጣ፣ ቆም ብሎ እንደገና የሚጀምር። ይህን ትንፋሽ ታውቀዋለች። አባቷ የመጨረሻዋን ወር በሙሉ እንዲህ ነው የተነፈሰው፤ እሷ ደግሞ ከአጠገቡ ተኝታ እያንዳንዱን ስትጠብቅ አንግታለች። ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

"አባዬ?"

ትንፋሹ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ፣ ከበፊቱ እየፈጠነ፣ አንድ ነገር ሊል የሚታገል ዓይነት። ሳምራ ዘጋችው። ወዲያው እንደገና ጮኸ። "ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ" እያለች ስልኩን ጭራሽ አጠፋችው። ካረፈ ጀምሮ አጥፍታው አታውቅም ነበር።

ስትመለስ ስምሪት ክፍል ጩኸት ነው። ጉተማ የሚባለው ሹፌር ታብሌቱን እያወዛወዘ ቆሟል።

"ይሄን ነገር የተከለው ማነው? 'ደንበኛው ተዘግቷል' ይላል፣ መጋዘኑ ሲሊንደር አላወጣም አለ፣ ጋሽ ገብረአምላክን ክፈቱልኝ ስል አልከፍት አላቸው። ጠዋት ነው መድረስ የነበረብኝ! ሰው ትንፋሹ ያልቃል እኮ!"

"የትኛው ደንበኛ?" አለች ሳምራ፣ መልሱን እያወቀች።

"ሱሌማን።"

"ሱሌማን አባቴ ነው። ሞቷል። አታፍሩም?"

ጋሽ ገብረአምላክ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጉተማ ትክ ብሎ አያት፤ ቁጣው ከፊቱ ላይ ረገፈ።

"አንቺ ሳምራ ነሽ? ለቅሶው ላይ አይቼሻለሁ። ሱሌማን መሞቱንማ አውቃለሁ፣ ቃሬዛውን ተሸክሜያለሁ። ኦክስጅኑ የእትዬ እጸገነት ነው።"

"የእትዬ...?"

"ደባል አይደሉ? የቤት ቁጥር ያለው መታወቂያ የላቸውም፤ ያለሱ ደግሞ ድርጅቱ አይመዘግብም። አባትሽ 'ቆጣሪው በኔ ስም አይደል እንዴ፣ ይሄም በኔ ስም ይሁን' አለኝ። ብሩን ራሳቸው ነው የሚከፍሉት፣ አጉድለው አያውቁም። ማን ተቀበለ ሲለኝ ሱሌማን እላለሁ። ምን ልበል?"

ሳምራ ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አታስታውሰውም። ሁሉም እያያት ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብላ የአባቷን ስም ስትከፍት፣ ጋሽ ገብረአምላክ ትከሻዋን ይዘዋት እንደነበር፣ ያ ብቻ ትዝ ይላታል። ሲሊንደሩ ወጣ። መኪናው ላይ ከጉተማ ጎን ገባች።

"የት ነው ያሉት?"

"ቂርቆስ። ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ፣ ዙለይካ የተከራየችበት። አብራ ወስዳቸው ነው።"

ቂርቆስ! እሷ ከምትተኛበት በእግር የሚደረስ ነው። በየቀኑ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ስትጠብቅ ልትጠይቃቸው ትችል ነበር። የአባቷን ስልክ አበራችው። ያመለጡ ጥሪዎች ተራ በተራ ገቡ፤ ሁሉም ከዚያው ቁጥር።

መንገዱ ተቆፍሮ መኪናው አልንቀሳቀስ አለ። ጉተማ ክላክሱን እየደበደበ፣ ዝም ማለቱ ከብዶት ነው መሰል፣ መናገር የሌለበትን ተናገረ።

"አባትሽ የተለየ ሰው ነበር። የመጨረሻዎቹ ወራት፣ የራሳቸው ሳይፈቀድላቸው፣ አንዷን ሲሊንደር ይጋሩ ነበር እኮ። ጠዋት አንቺ ሥራ ስትወጪ ዙለይካ፣ ሰኞ ሰኞ ደግሞ እኔም ጭምር፣ እያንከባለልን እሳቸው ክፍል፣ ማታ ሳትገቢ በፊት ደግሞ ወደሱ። 'ቀን ቀን ደህና ነኝ' ይል ነበር።"

ቀን ቀን ደህና ነኝ! ለእሷም ያንኑ ነበር የሚላት። ማታ ስትገባ ከንፈሩ ጠቁሮ ታገኘውና "ዛሬ ደክሞህ ነው?" ትለዋለች፣ "ብርዱ ነው" ይላታል። ሳምራ ተናደደች። እውነቱን እንናገር፣ በዚያች ደቂቃ እትዬ እጸገነትን ጠላቻቸው። እሳቸው ባይኖሩ አባቴ ዛሬ ይኖር ነበር አለች በልቧ። አንድ ሐሳቧ መኪናው በቆመበት ይቆይ አለ። ያ ሐሳብ የራሷ መሆኑን ስታውቅ በሩን ከፍታ ወረደች፣ በእግሯ ሮጠች። ጉተማም መኪናውን እግረኛ መንገድ ላይ አውጥቶ፣ ሰው እየሰደበው፣ ተከተላት።

ዙለይካ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች ነበር። "የት ነበራችሁ? ከጠዋት ጀምሮ! የት ነበራችሁ?"

እትዬ እጸገነት አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ፍራሹን ጨብጠዋል። አንሰዋል፤ የሳምራን ፀጉር የሠሩ ጣቶች ጥፍራቸው ድረስ ሰማያዊ ሆነዋል። ያ ትንፋሽ ክፍሉን ሞልቶታል። ደረጃው ላይ በስልክ የሰማችው፣ ራሱ።

ጥላቻዋ የት እንደገባ አላየችውም። ዘልላ አልጋው ላይ ወጣች፣ ከኋላቸው ተቀምጣ ጀርባቸውን በደረቷ ደገፈች፤ አባቷን እንደዚያ ነበር የምትይዘው። ጉተማ ሲሊንደሩን እያንከባለለ ገባ። ቱቦው ተገጠመ፣ ቁልፉ ተከፈተ፣ እሽ የሚለው ድምፅ መጣ። ዙለይካ "በአላህ፣ በአላህ" ትላለች፣ ጉተማ ቆቡን አውልቆ ግድግዳውን ያያል። ሳምራ ትንፋሻቸውን በደረቷ ስትከታተል ሳታውቀው የራሷን ይዛ ነበር። ቀስ በቀስ ፉጨቱ ረገበ። ከንፈራቸው ላይ ቀለም መጣ።

ብዙ ቆይተው ጭምብሉን በእጃቸው ዝቅ አደረጉት።

"ሳምሪ፣ ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ እትዬ።"

"አንቺ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። ለቅሶው ላይ ስትወስጂው አይቻለሁ። ሌላ ቁጥር የለኝም።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"አባዬ አልሽኝ።" እንባቸው በጭምብሉ ጠርዝ ወረደ። "አይደለሁም ልልሽ ትንፋሽ አጣሁ።"

ሳምራ ግንባሯን ትከሻቸው ላይ ደፍታ ጮኻ አለቀሰች። አንድ ነገር ልትጠይቃቸው ፈልጋ ነበር፤ ቀን ቀን ኦክስጅኑ እሳቸው ጋ ሲውል እሱ እንዴት ይሆን እንደነበር። ዛሬም አልጠየቀችም። ትጠይቃለች ብዬም አላስብም።

በማግስቱ ቢሮ ስትገባ ሔኖክ አልቀለደም፤ ሻይ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። የአባቷን ስም ከፈተች። "ዝጋ"፣ ምክንያት "ሞት"። ከዚያ አዲስ ደንበኛ መዘገበች። ስም፦ ሳምራ ሱሌማን። አድራሻ የሚለው ላይ የሰንጋ ተራውን የቤት ቁጥሯን ሰጠች፤ ማድረሻ የሚለው ላይ "ቂርቆስ፣ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ፣ ዙለይካ በር" ብላ ጻፈች። ደንቡን ራሷ ነበረች የሠራችው፦ አንድ ደንበኛ፣ አንድ ሰው፣ አንድ አድራሻ። ደንቡን አጠፋችው። ጋሽ ገብረአምላክ ከኋላዋ ቆመው ሲያነቡ ቆዩና፣ "ተቀባይ ማን ይባል?" አሏት።

"ሳምራ በሉ። ማንም በር ይክፈት፣ ሳምራ ነው።"

በሚቀጥለው ሰኞ ረፋድ ላይ ስልክ ጢር አለ። እጇ በልማድ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ፣ የአባቷን ስልክ አወጣ። ምንም የለበትም። የጮኸው ጠረጴዛው ላይ ያለው የራሷ ነው።

"ክብርት ሳምራ ሱሌማን፦ ኦክስጅንዎ አሁን ደርሷል። መልካም ጤንነት እንመኝልዎታለን።"

አንብባ ጨረሰችና የተሰነጠቀችውን ስልክ እንደገና አየቻት። ጠበቀች። ድርጅቱ ውስጥ ሱሌማን ከድር የሚባል ደንበኛ የለም፤ ከእንግዲህ ማንም በዚህ ቁጥር ምንም አይልክም፣ እትዬ እጸገነትም አሁን የእሷን ቁጥር ይዘዋል። ባትሪዋ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ቻርጀሩ እጇ ሥር ነበር፤ አልሰካችውም። ስልኳ ጠፍታ እስክትጨልም ድረስ ሳምራ ከወንበሯ አልተነሳችም።